ታርጋ በምርጫ፣ ዋጋ በጨረታ፦ አዳማ ላይ የተነሳ ክርክር

የአዳማ መኪና ወዳጆች የኢንተርኔት መድረክ ላይ አብዛኛው ክር፣ ማለትም በአንድ ጽሑፍ ሥር የሚከተለው የምላሽ ሰንሰለት፣ ሦስተኛው ምላሽ ላይ ይሞታል። የቪትስ ጎማ ስንት ገባ፣ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን የት አለ፣ አበቃ። ይሄኛው ግን ከቅዳሜ ማታ እስከ እሁድ ማታ ሲጎተት ዋለ። ላልተከታተላችሁ በየቁጥሩ ልንገራችሁ። የተደጋገመውንና ስድብ ብቻ የሆነውን ዘልዬዋለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ። ክሩን የከፈተው ፖስታ ቤት አካባቢ መለዋወጫ የሚሸጥ ወጣት ነው። ዱባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ፒ 7 የሚል ታርጋ በ55 ሚሊዮን ድርሃም መሸጡን አንብቦ እንቅልፍ እንዳጣ ጻፈ። ጥያቄው ሁለት ነበር። ሰው ቆርቆሮ ላይ ለተጻፈ ቁጥር ይህን ሁሉ ሲከፍል ምኑን ነው የሚገዛው? እኛ አገርስ ቁጥር መምረጥ ቢፈቀድ አዳማ ውስጥ ገዢ ይገኛል? የራሱን መልስ አልደበቀም፤ እሱ ይገዛል። እስከ ስንት እንደሚከፍል ግን አልጻፈም። ሚስቱም መድረኩ ውስጥ አለች።

ምላሽ 1 ሳቅ ብቻ ነበር።

ምላሽ 2 ድርሃሙን ወደ ብር ሊመነዝር ተነሳ። በባንክ ነው ወይስ በጥቁር ገበያ የሚል ንትርክ መጣና ሂሳቡ ሳያልቅ ቀረ። በዶላር 15 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ላይ ግን የተጣላ የለም።

ምላሽ 3። ዱባይ የምትሠራ የአዳማ ልጅ በጨዋ ቋንቋ እርማት አመጣች። ያ ሽያጭ የበጎ አድራጎት ጨረታ እንደነበረ፣ በረመዳን እንደተካሄደና ገንዘቡ ለተራቡ ሰዎች ምግብ ለማቅረብ ለተጀመረ ዘመቻ እንደገባ አስረዳች። ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑን የያዘው የአቡ ዳቢው 1 ቁጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በ52.2 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጧል። ከዚህ በኋላ የጻፈችው ይበልጥ ጥሩ ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ሰው የሚያየው መኪናውን ሳይሆን የቁጥሩን ብዛት ነው። አምስት ቁጥር ያለው ተራ ሰው ነው። ሦስት ቁጥር ያለው ሲመጣ የሆቴሉ ዘበኛ ይነቃል። አንድ ቁጥር ያለው ሲመጣ ደግሞ ማን እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ መጠየቅ አያስፈልግም። እንደ እሷ አባባል ሰውየው የገዛው ስሙን ሳይናገር መታወቅን ነው።

ምላሽ 4። ደላላው ገባ። መድረኩ ላይ ደላላ ሞልቷል፤ ይሄኛው ፎቶው ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገው ነው። እሱ እንደሚለው ቁጥር እኛም ጋ ይሸጣል፤ በስሙ ስለማንጠራው ነው እንጂ። የሚደውል ገዢ ስለ ሞተሩ ሳይጠይቅ በፊት ስለ ታርጋው ይጠይቃል። ኮድ 2 ነው ኮድ 3? አአ ነው ኦሮ? ፊደሉ ኤ ነው ቢ? በስንት ይጀምራል? የአዲስ አበባ ኮድ 2 ባዶውን አምስት ቁጥር ጨርሶ ወደ ኤ፣ ከዚያ ወደ ቢ፣ ከዚያ ወደ ሲ ስለሄደ፣ ሰሌዳውን ያየ ሰው መኪናዋ መቼ እንደተመዘገበች ይገምታል። አንድ ዓይነት ቪትስ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ጤንነት ያላቸው ሁለት መኪኖች፣ አንዷ በኤ ሌላዋ በቢ፣ ቢቀርቡ የቢዋ ባለቤት አንገቱን ቀና አድርጎ ነው ዋጋ የሚጠራው። አዳማ እየኖሩ አአ ታርጋ የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው። ሲሸጡ ገዢ ይበዛል።

ምላሽ 5 ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንድ መካኒክ ደላላውን በስድስት መስመር አራገፈው። ታርጋ የሚነግርህ መኪናዋ እዚህ የተመዘገበችበትን ጊዜ እንጂ የተሠራችበትን ዓመት አይደለም። ጃፓን አሥራ ምናምን ዓመት የተነዳች መኪና አገር ስትገባ ትኩስ ቁጥር ታገኛለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ ቀረጡን እስኪከምር ድረስ ገበያው እንዲህ ነበር የሚሠራው። መካኒኩ ራሱ በቢ ታርጋ ተታለው ገዝተው ጋራዥ የሚያነቡ ሰዎችን በየሳምንቱ እንደሚያስተናግድ ጻፈ። ሻንሲ ቁጥር አይተህ ግዛ፣ ደላላ አትስማ ነው ነገሩ።

ምላሽ 6። ደላላው ተቆጣ። ሊብሬ ላይ ዓመቱ ተጽፎ ሳለ ሳያነብ የገዛ ሰው በማንም ሊያሳብብ አይችልም አለ። መካኒኩ የሳቅ ምልክት አስቀመጠበት። እኔ መካኒኩ ልክ ነው ባይ ነኝ፤ ግን ደላላው ስለ ገዢው ጠባይ የተናገረውም ሐሰት አይደለም። ታርጋ እኛ ጋ ሳይጠየቅ ብዙ ያወራል። ምን እንደምትሠራ፣ ከየት እንደመጣህ፣ መኪናህ መቼ እንደገባች፣ ሁሉም ከኋላህ ተለጥፎ ነው የምትሄደው። ከማን ጋር እንደምትኖር ብቻ ነው የቀረው።

ምላሽ 7 የክሩ ምርጥ ምላሽ ነው። እንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት የኖረ የአዳማ ልጅ ጻፈው። እዚያ የመኪና ቁጥር በሕግ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1904 መግቢያ ጀምሮ ነው። የለንደኑን ኤ 1 አንድ መኳንንት ለማግኘት ሌሊቱን ሙሉ ተሰልፎ አደረ ይባላል፤ ማለትም ሱሱ ከታርጋው እኩል ነው የተወለደው። መንግሥት ራሱ ተፈላጊ ቁጥሮችን መሸጥ የጀመረው በ1989 ነው። በ2008 ኤፍ 1 የሚለው በ440 ሺህ ፓውንድ ሄደ። በ2014 ደግሞ 25 ኦ የሚለውን አንድ የፌራሪ ነጋዴ ከነታክሱና ከነኮሚሽኑ ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ አውጥቶበት ወሰደው። ለምን? ሲያዩት 250 ይመስላል፤ ፌራሪ 250 ደግሞ ከጥንቶቹ ውድ መኪኖች አንዱ ነው።

የወደድኩት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ደላላውን ጠቅሶ፣ እንግሊዝ ውስጥም ታርጋ ዕድሜ እንደሚያጋልጥ አስረዳ። ከ2001 ወዲህ ሰሌዳው ላይ ሁለት አሃዝ አለ። በዓመት ሁለቴ፣ መጋቢትና መስከረም ላይ ይቀየራል። ጎረቤት ሁሉ መኪናህ የስንት ዓመት እንደሆነች ያነባል። የራሱን ቁጥር የሚገዛ ሰው ግማሹ ስሙን ሊያሳይ ሳይሆን ዓመቱን ሊሸፍን ነው። የሰሜን አየርላንድ ሰሌዳ የዓመት ምልክት ስለሌለው ለዚሁ ሥራ በርካሽ ይገዛል። በዚህ ረገድ ሕጉ የሚከለክለው አንድ ነገር ነው፦ መኪናን ከዕድሜዋ በታች የሚያስመስል ቁጥር መለጠፍ። ማስረጀት ይቻላል፤ ማሳነስ አይቻልም። እሱም ራሱ በትንሹ ዋጋ፣ በ250 ፓውንድ፣ የእናቱን ስም የሚመስል ቁጥር ገዝቷል። እናቱ ፎቶውን አይተው ይህን ብር ለምን አልላክህልኝም አሉት።

ምላሽ 8። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በትህትና አንድ ነገር ጠየቁ። ቁጥሩ የገዢው ንብረት ይሆናል? ሲሞት ለልጅ ይተላለፋል?

ምላሽ 9። የእንግሊዙ ልጅ ለጋሼ በአክብሮት መለሰላቸው። የምትገዛው ቁጥሩን የመጠቀም መብት ነው፤ ቁጥሩ የመንግሥት ሆኖ ይቀራል። መብቱ ለሌላ ይተላለፋል፣ ይሸጣል፣ መኪናህን ስትሸጥ ለብቻው አውጥተህ ታቆየዋለህ። ፊደሎቹን አጠጋግተህ ወይም በብሎን ጭንቅላት አስመስለህ ስምህን ካጣመምክ ግን እስከ 1,000 ፓውንድ ትቀጣለህ፤ ቁጥሩንም ልትነጠቅ ትችላለህ።

ምላሽ 10። የባጃጅ ሹፌር መጣና ክሩን ወደ አገር ቤት መለሰው። እነሱ ጋ ምርጫ ድሮም አለ። ባጃጅ ላይ የጎን ቁጥር አለ፤ ከጎን ቁጥሩ በላይ ደግሞ ከኋላ የሚጻፈው አለ። ደንበኛ ደውሎ የሚጠራው በታርጋ አይደለም፤ በጽሑፉ ነው። ጥቅስ፣ የቡድን ስም፣ የልጅ ስም፣ ላልተሳካ ፍቅር የተጻፈ ግጥም። እሱ ራሱ ጽሑፉን ከቀየረ በኋላ ደንበኛ ጠፍቶበት የድሮውን መልሶ አስጽፏል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ሴት ስልኳን ረስታ ወረደች። ያገኘችው የጎን ቁጥሩ ተመሳሳይ አሃዝ ስለሆነ ከአእምሮዋ ስላልጠፋ ነው። የሚታወስ ቁጥር እንጀራ ነው አለ።

ምላሽ 11። የሲኖ ሹፌር ተቃወመ። ጅቡቲ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው የማይታወስ ቁጥር ነው። ከሞጆ እስከ አዋሽ ባለው መንገድ ትራፊክ ቁጥርህን በቃሉ ከያዘ ሥራህ አለቀ። የራስህን ስም የለጠፍክ እንደሆነማ ሲያስቆምህ በስምህ ነው የሚጠራህ። እንደ እሱ ሐሳብ ደስ የሚለው ታርጋ በጭቃ የተሸፈነ ታርጋ ነው። (ይህ ያስቀጣል፤ እሱም ያውቃል።)

ምላሽ 12። ክሩን የከፈተው ልጅ ድንገት አንድ ጭንቀት መጣበት። ሚሊዮን አውጥተህ የገዛኸውን ታርጋ፣ ያለቦታው ቆመሃል ብሎ ትራፊክ በካቻቪቴ ቢፈታውስ?

ከ13 እስከ 16 ያሉት ስለ ታርጋ መፍታት ብቻ ናቸው። ሁሉም የየራሱን ቁስል አወጣ። አንዱ ታርጋውን ለማስመለስ ቀኑን ሙሉ ሲንከራተት ውሎ ማታ የተሰጠው የሌላ ሰው ታርጋ እንደነበረ ጻፈ። የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከርዕሱ ወጥተዋል፤ ግን ከዋናው ክርክር ይልቅ ብዙ ሰው የወደደው ይህን ክፍል ነው።

ምላሽ 17። ጀርመን ተምሮ የመጣ መሐንዲስ ነገሩን በሌላ አቅጣጫ ያዘው። እዚያ ከከተማው መለያ ቀጥሎ ያሉትን ፊደልና ቁጥር ማንም ሰው በአሥር ዩሮ አካባቢ ይመርጣል። የስም መነሻ፣ የልደት ቀን፣ የጋብቻ ዓመት፣ ያልተያዘ ከሆነ ያንተ ነው። የተከለከሉት ጥቂት ናቸው፤ እንደ ኤስኤስ፣ ኤስኤ፣ ኬዜድ ያሉ የናዚን ዘመን የሚያስታውሱ የፊደል ጥምረቶች። ማንም በዚህ አልከበረም፣ ማንም እንቅልፍ አላጣም። ስለዚህ ውድ የሚያደርገው ቁጥሩ አይደለም፤ መንግሥት በጥቂቱ አውጥቶ በጨረታ መሸጥ መፈለጉ ነው። የዱባይ ሰውም የእንግሊዝ ሰውም የገዛው በመንግሥት እጅ የተሠራ እጥረት ነው።

ምላሽ 18። ከፋቹ ግልጽ መልስ ሰጠ፤ ለዚህ አደንቀዋለሁ። ሁሉም ሰው በአሥር ዩሮ ካገኘው እሱ አይፈልገውም። የሚፈልገው ጎረቤቱ ሊያገኘው የማይችለውን ነው። ብዙዎቻችን የምናስበውን እሱ ጻፈው።

ምላሽ 19 መብረቅ ነበር። ስሙን የደበቀ አባል ከላይ እስከ ታች ሁላችንንም ገረፈ። የሰው ልጅ በሚራብበት አገር ስለ ቁጥር ጨረታ ማውራት ነውር ነው። ማደያ ላይ ስትሰለፉ የምትውሉ ሰዎች ምን አስባችሁ ነው? ብዙ ነው የጻፈው፤ ከግማሹ በኋላ ነጥብ ምልክት እንኳ የለውም።

ምላሽ 20። የዱባይዋ እህት ያ ጨረታ ራሱ ለተራቡ የተደረገ መሆኑን አስታወሰችው፤ ምላሽ 3ን ተመለስና አንብብ አለች። ጨዋነቷ እዚህ ላይ ትንሽ ቀነሰ።

ምላሽ 21። እሱም ለተራበ መስጠት የፈለገ ታርጋ ሳይቀበል ይስጥ አለ። ማንም አልወደደለትም። እኔ ግን ከሁሉም ጠንካራው መከራከሪያ ይህ ይመስለኛል። ታርጋው ባይኖር ያ ሁሉ ድርሃም ይመጣ ነበር? አይመጣም። ይህ ስለ ሰው ምን ይላል የሚለውን ሊመልስ የሞከረ አልነበረም።

ምላሽ 22። ሌላ ሰው የሆንግ ኮንግን አመጣ። እዚያም ከተፈላጊ ቁጥሮች ጨረታ የተወሰነው ገቢ ለበጎ አድራጎት ፈንድ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 28 ቁጥር በ18.1 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ተሸጠ። በ2021 አር የሚል አንድ ፊደል ብቻ ያለው በ25.5 ሚሊዮን ሄደ። 8 በቋንቋቸው ከብልጽግና ጋር ይመሳሰላል፤ 4 ደግሞ ከሞት ጋር ስለሚመሳሰል ይሸሹታል። ያን ጊዜ ክሩ ተነቃቃ። ታዲያ የኛ 8 ማን ነው?

ምላሽ 23። ጋሼ ቅድሚያውን ወሰዱ። 1888 አሉ። ዓድዋ። ይህ ቁጥር ለጨረታ ቢወጣ ዋጋው ጣራ እንደሚነካ፣ እሳቸው ግን በጡረታ ደመወዛቸው ከሩቅ ከማየት እንደማያልፉ ጻፉ። ሁለተኛ ምርጫቸው 11 ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ደረቱ ላይ የነበረው ቁጥር 11 ነው። ሦስት የልብ ምልክት ሰጠሁዋቸው፤ መድረኩ ከአንድ በላይ አይቆጥርም።

ከ24 እስከ 27 የምኞት ዝርዝር ነው። 13 ለአሥራ ሦስቱ ወር። 3 ለሥላሴ። 12 ለሐዋርያት። 7 ደግሞ ግማሹ ለሃይማኖት፣ ግማሹ ለሮናልዶ። የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊዎች መሃል ገብተው ነገሩን ወደ ለመዱት ቦታ ሊወስዱት ሲሉ የመድረኩ አስተዳዳሪ ከለከለ።

ምላሽ 28። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ለምን ቁጥር ብቻ ብላ ጠየቀች። ስም ቢፈቀድ በፊደል አጭር ይሆናል። ጫልቱ በግዕዝ ፊደል ሦስት ናት፤ በቁቤ ሰባት ትሆናለች። ሰሌዳው ላይ ቦታው ጠባብ ነው። ነገሩን ስለ ቦታ ብላ ነው ያነሳችው። ቀጥሎ የመጡት ሁለት ምላሾች ግን ሰሌዳው በየትኛው ፊደል መጻፍ አለበት ወደሚል ሄዱ። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አስተዳዳሪው ሁለቱንም አጠፋ፤ ቁጥራቸውም አብሮ ጠፋ። እሷም እጇን አነሳች። አሳዘነችኝ፤ ጥያቄዋ ጥሩ ነበር። ድንበር የሚሻገር መኪና ሰሌዳው እዚያ ማዶ መነበብ አለበት፤ ስለዚህ በግዕዝ ብቻ ማድረግ አይቻልም። ይህን የሚላት ጠፋ።

ምላሽ 29። የኮምፒውተር ባለሙያው ሁሉንም አሳቀ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሰው ተፈላጊ ታርጋ ለማግኘት ቅጽ ሞላ። ሦስት ምርጫ ነው የሚጠይቀው። ሁለቱ የመርከብ ጉዞ ነገር ነበሩ። እነሱ ካልተገኙ ሌላ አልፈልግም ለማለት ሦስተኛው ላይ ታርጋ አያስፈልገኝም የሚል ሐሳብ በሁለት ቃል ጻፈ፦ ኖ ፕሌት። መሥሪያ ቤቱ ኖ ፕሌት የሚል ታርጋ ላከለት። ያን ጊዜ የከተማው ተቆጣጣሪዎች ታርጋ የሌለው መኪና ሲቀጡ ቅጹ ላይ የሚጽፉት ይህንኑ ነበር። ሰውየው ቤት 2,500 ያህል የቅጣት ወረቀት ገባ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ካሊፎርኒያዊ፣ እሱም የኮምፒውተር ሰው ነው፣ በፕሮግራም ቋንቋ ባዶ ማለት የሆነውን ነል የሚለውን ቃል መረጠ። ምናልባት ከቅጣት እድናለሁ ብሎ ነበር። በየቦታው ታርጋው ያልተመዘገበ ቅጣት ሁሉ ተሰብስቦ እሱ ላይ ወደቀ፤ ከ12,000 ዶላር በላይ።

ምላሽ 30። የሲኖው ሹፌር ታርጋ የለውም የሚል ታርጋ የመጀመሪያው አዛዥ እሱ እንደሚሆን አስመዘገበ።

ምላሽ 31። አሁን ወደ አዳማ ጉዳይ ተመለስን። ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። አዳማ የቅዳሜና የእሁድ ከተማ ናት። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ አዲስ አበቤ ቁርሱን እዚያ፣ ምሳውን እዚህ ይበላል። ግቢያቸው ውስጥ ቅዳሜ ማታ የሚቆሙት መኪኖች አብዛኛው አአ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው ሚስቱ ሐዋሳ ለስብሰባ ሄዷል ብላ የምታስበው? ታርጋቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው የሚያቆሙ ደንበኞች አሉ። ስማቸውን ታርጋ ላይ ይጻፉ ቢባሉ የአዳማ ሆቴል ሥራ ይሞታል። ስለዚህ እሱ ከሕዝብ ጥቅም አንጻር ይቃወማል።

ምላሽ 32 የከፋቹ ሚስት ናት። አጭር ነው። ባሏ ስሙን የሚያጽፍ ከሆነ ወጪውን እሷ ትሸፍናለች።

ይህ ምላሽ ከሁሉም የበለጠ ተወደደ። ባልየው ለሁለት ሰዓት ያህል ድምፁ አልተሰማም።

ምላሽ 33። ደላላው ወደ ገንዘቡ ተመለሰ። እንደ መሬት ገዝተህ አስቀምጠህ ዋጋው ሲጨምር ብትሸጠውስ? ተራ ሰው ቀድሞ ቢይዝ አያተርፍም?

ምላሽ 34። የእንግሊዙ ልጅ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ቁጥር ብቻ ያለውና አጭሩ ዋጋውን ይይዛል፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ሊፈልገው ይችላል። ስም የተጻፈበት ግን ገዢው ጥቂት ነው። የአልማዝን ታርጋ የምትገዛው መኪና ያላት፣ ገንዘብ የተረፋት፣ ታርጋ የምትወድ ሌላ አልማዝ ብቻ ናት። እሷን እስክታገኝ ትቀመጣለህ። አሻሻጩም ኮሚሽኑን ይቆርጣል። 25 ኦ እንኳ ያን ያህል ያወጣው ፌራሪ 250 ላላቸው ሰዎች ስለሆነ ነው፤ ለቪትስ ባለቤት ምኑም አይደለም። ለደስታህ ግዛ፣ ለትርፍ ግን አትግዛ ነው ምክሩ። ደላላው አመሰገነ። የተቀበለው ግን አይመስለኝም።

ምላሽ 35። አንዷ ነጋዴ ገበያው እንዳለ በስልክ አረጋገጠች። ኢትዮ ቴሌኮም ልዩ ቁጥሮችን በዋጋ ይሸጣል፤ ሰውም ይገዛል። እሷም ለሱቋ ገዝታለች። ደንበኛ ሳይጽፈው በቃሉ ይይዘዋል። ከባጃጁ ልጅ ጋር አንድ ሐሳብ ናት። ስልክ የሚደወልበት ነው፣ ታርጋ ግን ማን ይደውልበታል ያላት ሰው ነበር፤ መልስ አልሰጠችውም።

ምላሽ 36። ከፋቹ ተመለሰ። ስለ ምላሽ 32 ምንም ሳይል እቅድ አቀረበ። ጨረታው በአደባባይ ይሁን። ገንዘቡ የከተማውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሥራበት። ቁጥሩን የገዛ ሰው ለአሥር ዓመት ይያዘው፤ ከዚያ ድጋሚ ይክፈል። ኮዱና ቀለሙ እንዳለ ይቆይ፤ ሰማያዊው ሰማያዊ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ፤ የሚመረጠው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ምላሽ 37። መካኒኩ ጥሩ ጥሩው ቁጥር ጨረታው ሳይከፈት በፊት ማታ ያልቃል አለ። በጠዋት የሚመጣው ሕዝብ የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ደላላውን በስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም።

ምላሽ 38። ደላላው ዘራፍ አለ። እዚህ ላይ የሆነውን አልተርከውም፤ ከ39 እስከ 43 ያለው ሁሉ ሁለቱ ናቸው። መካኒኩ በመጨረሻ አንድ የቆየ የኮሮላ ሽያጭ አነሳ። ለካ ጠባቸው የዛሬ አይደለም።

ምላሽ 44። ጋሼ ገላጋይ ሆነው ገቡ። ልጆቼ ብለው ጀምረው ሁለቱንም መከሩ። ከዚያ እግረ መንገዳቸውን 1888 ቁጥር አሁን በማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። በየኮዱ፣ በየክልሉ፣ በየፊደሉ ተከታታይ ቁጥር ስለሚወጣ በእነዚህ አሃዞች የሚያልቁ ብዙ መኪኖች መኖር አለባቸው። ባለቤቶቹ ያውቁ ይሆን?

ምላሽ 45። ደላላው ወዲያው ቀዘቀዘ። አንድ ያውቃል። ሶደሬ መውጫ አካባቢ ግቢ ውስጥ የቆመች አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ መጨረሻዋ 1888 ነው። ባለቤትየው ስለ ቁጥሩ ደንታ የለውም። ችግሩ እኛ ጋ ቁጥሩ ከመኪናው አይነጠልም። የእንግሊዙ ልጅ እንዳለው ለብቻው አውጥቶ ማቆየት የለም። ቁጥሩን የፈለገ መኪናዋን መግዛት አለበት።

ምላሽ 46። ጋሼ ትነሳለች ወይ ብለው ጠየቁ።

ምላሽ 47። ሞተሯ ወርዷል። ድንጋይ ላይ ነው የቆመችው። ጎማዎቹ ተሸጠዋል።

ምላሽ 48 የመካኒኩ ነው። ዲኤክስ ሞተር አይገድለውም፤ ቦዲው ካልበላ ማንሳት ይቻላል አለ። ለጋሼ ከሆነ የእጅ ዋጋ አይጠይቅም። ደላላውን ደግሞ ኮሚሽኑን ስንት ሊያደርግ እንዳሰበ እዚሁ በይፋ እንዲጽፍ ጠየቀው።

ምላሽ 49። ደላላው በውስጥ መስመር እንነጋገር አለ።